የእርሳስ ማቅለጫዋ «ጀበና»፦ ከ8 ወር በኋላ

ይቺን በኤሌክትሪክ የምትሠራ የእርሳስ ማቅለጫ ያመጣችልኝ አሜሪካ የምትኖረው አክስቴ ናት። ከሻንጣ ስትወጣ አጎቴ ከታች ያለችውን መቅጃ አየና «ይኼ ደግሞ የማን አገር ጀበና ነው?» አለ። ስሟ በዚያው ቀረ።

ባሕር ዳር ላይ ለጣና ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚያሰምጥ እርሳስ እሠራለሁ። አጎቴ በታንኳ ሲያጠምድ መረቡ ላይ ድንጋይ ነበር የሚያስረው። ድንጋይ ግን ገመድ ይበላል።

ጀበናዋ ለኛ አልተሠራችም። አሜሪካ ውስጥ የሽጉጥ አረራቸውን ራሳቸው አቅልጠው ለሚሠሩ ሰዎች ነው፤ ማግነም ለሚባለው ኃይለኛ ሬቮልቨር ጭምር። እነሱ እርሳሱ እንዲጠነክርላቸው ይቀይጡታል። አንዱ የታወቀ ቅይጥ ከመቶ 90 እጅ እርሳስ፣ 5 እጅ ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው)፣ 5 እጅ አንቲሞኒ የሚባል ማጠንከሪያ ነው። አረሩ ልኩ ካልገጠመ ወይም ከሚገባው በላይ ከለሰለሰ ሽጉጡ ውስጥ እርሳስ እየለቀለቀ ይሄዳል። እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው፦ በፒንሳ ቆንጠጥ ሳደርገው ገመዱን እቅፍ የሚያደርግ ለስላሳ እርሳስ። ወደ ባሩዱ አልገባም።

4.5 ኪሎ ትይዛለች። አንዷ ማስመጫ 40 ግራም ስለሆነች በአንድ ሙሌት ወደ 100 አወጣለሁ። በፊት በከሰል ነበር የማቀልጠው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከሰል ግን አንዴ ያንሳል፣ አንዴ ያልፋል። ጀበናዋ ሙቀቱን ትይዛለች። ለኔ ዋጋዋ ይህ ብቻ ነው።

አመሏስ? ታንጠባጥባለች። መቅጃዋ ላይ ትንሽ ቆሻሻ ከተቀመጠ አትዘጋም፤ ሁሌ ከሥሯ የብረት ሳህን አለ። የሙቀት ማስተካከያዋ ላይ ቁጥር እንጂ ዲግሪ የለም፤ ቴርሞሜትር ለብቻ ገዛሁ። ደግሞ የ110 ቮልት ናት። ትራንስፎርመር ሳይገዛ የኛ 220 ላይ የሚሰካት ሰው በዚያው ይቀብራታል። መብራት ሲጠፋ እርሳሱ መቅጃው ውስጥ ይረጋል። ያኔ መጀመሪያ የምነቅለው ሶኬቱን ነው። ሰው በሌለበት መብራት መጥቶ ብቻዋን እንድትግል አልፈልግም።

የወደድኩት ሥራ ማጥራቱን ነው። የቀለጠው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰም ጣል አድርጌ አማስላለሁ። ጎጃም ላይ ሰም አይቸግርም። ጭሱን በክብሪት አቀጣጥለዋለሁ፤ አለዚያ ራሱ ቦግ ብሎ ያስደነግጣል። ቆሻሻው ተንሳፎ ይወጣል፤ ግቢው ጧፍ ጧፍ ይሸታል። ቶርኖ ቤት ያስቀረጽኩትን የአልሙኒየም ፎርማም በጧፍ ጥላሸት አጥቁሬ ነው የምጠቀመው። እርሳሱ አይያዝም።

አሁን ወደ ሐምሌው ጉድ። ከሐይቅ የተመለሱ አሮጌ ማስመጫዎች ነበሩኝ። ሁለት ቀን በረንዳ ላይ አድርቄያቸዋለሁ። አንዷን የቀለጠው ውስጥ ጣል ሳደርግ «ጧ!» አለ። ለካ ቀዳዳዋ ውስጥ ጭቃ፣ ጭቃው ውስጥ ውሃ ነበር። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ የሚወጣው ደግሞ እርሳሱን ይዞ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈው አሁንም አለ። መነጽሬ ላይ ሁለት ጠብታ ቀርቷል። ያለ መነጽር ብሆን ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ አሮጌ እርሳስ የሚገባው ጀበናዋ ቀዝቃዛ ሳለች ነው፤ አብሮ ይሞቃል፣ አብሮ ይደርቃል። ዝናብ ካካፋ ሥራ የለም።

ጭሱን የሚፈራ ብዙ ነው። በዚህ ሙቀት ከጭሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ከላይ የሚገፈፈው አመድ ነው። ብናኝ ነው፤ እጅ ላይ ይቀራል። እኛ ደግሞ እንጀራ የምንበላው በእጅ ነው፣ ጉርሻም አለ። ስለዚህ ውጭ፣ ነፋስ ባለበት እሠራለሁ። አመዱ ክዳን ባለው ጣሳ ይገባል፤ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በመጥረጊያ አይነካም። የሥራ ልብሴ ከቤት ልብስ ጋር አይታጠብም። ልጆች ግቢ ውስጥ ካሉ አልሰካትም። እርሳስ ለሕፃን አእምሮ «ይህን ያህል ቢሆን ምንም አይል» የሚባል መጠን የለውም።

የመኪና ባትሪ እርሳስ በርካሽ የሚያመጡልኝ አሉ። አልቀበልም። አሲዱ አንድ ነገር ነው፤ ውስጡ አርሰኒክም ሊኖር ይችላል፣ አመዱ እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከጎሚስታ የሚመጣውን የጎማ ባላንስ ግን እወስዳለሁ፣ ከለስላሳው ጋር ጥቂት ጥቂት እየቀላቀልኩ። አንዳንዱ ዚንክ ነው። ዚንክ የሚቀልጠው በ419 ስለሆነ ሙቀቱን ከዚያ በታች ከያዝኩት ሳይቀልጥ ይንሳፈፋል፤ በማንኪያ ለቅሜ እጥለዋለሁ።

አክስቴ ለፋሲካ ትመጣለች። ባለ 220 ቮልት እንድታመጣልኝ ነግሬያታለሁ። አጎቴ ደግሞ «ከነሲኒዋ በላት» ብሏል።