ምን እንዳንጭን ለነገሩን ሹፌር

ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ዘገየሁ። መጀመሪያ ካርቶን ስንፈታ ከረምን፤ ቀጥሎ ሙቀቱ ጣለኝ። አሥራ ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ኖሬ ገላዬ ብርድ ለምዷል። ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ እንደ እንግዳ ውሃ በእጄ ይዤ እዞራለሁ። የሰፈር ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ምስጋናዬ ለአንድ የአይሱዙ ሹፌር ነው። "እዛ የምትጽፈው ነገር ላይ ስሜን እንዳታወጣ" ስላሉኝ ስማቸውን አልጽፍም። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቤታችንን ጠቅልለው ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያደረሱን እሳቸው ናቸው። ዕቃ ማድረስማ ብዙ ሰው ያደርሳል። እኔ የማመሰግናቸው ምን እንዳንጭን ስለነገሩን ነው።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ሰፈሬ ለገሃሬ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ድሬ ራሷስ የባቡር ልጅ አይደለች? እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከዚራም፣ ለገሃሬም፣ እኔም አልነበርንም። ከድሬ የወጣሁት በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያን ሁሉ ሰው በወሰደ በዓመቱ። ለትምህርት ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ። በየዓመቱ "ለከርሞ እንመለሳለን" እንላለን። ከርሞ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ከርሞ አለ።

ለምን እንደተመለስን ሰው ሲጠይቀኝ የቤት ኪራይ ነው እላለሁ። ቶሎ የሚያግባባ መልስ ነው፤ ማንም አይከራከረኝም። እውነቱ ግን እናቴ ናት። ባለፈው ጥር ትኩሳት ይዟት ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሳችም። ለእኛ በስልክ "ደህና ነኝ አቦ፣ ምን እሆናለሁ" ትለናለች። የነገረችን ሾርባ ይዛ ስትገባ ተኝታ ያገኘቻት ጎረቤቷ ናት። ያን ማታ ልጆቹን አስተኝተን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተቀመጥን። እኔ ስለ ሥራ አወራለሁ። ነጻ የንግድ ቀጠናው በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የመጋዘን ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ድሬም እንጀራ እንዳለ አስረዳለሁ። ባለቤቴ ዝም ብላ ሰማችኝና "እናትህ እዚህ አትመጣም። ስለዚህ እኛ እንሂድ" አለች። የሽሮ ሜዳ ልጅ ናት፤ ከእንጦጦ ሥር ያደገች። እኔ በጎን በጎን ስዞረው የነበረውን ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ከዚያ መኪና ፍለጋ ተጀመረ። አንድ ደላላ የመኪና ፎቶ ላከልን፣ ቀብድ ላክንለት፣ ስልኩ ተዘጋ። ብሩ ብዙ አልነበረም፤ ያንገበገበኝ የራሴ ሞኝነት ነው። ሌላው ቤታችንን ሳያይ "ለእናንተ ትልቁ አይሱዙ፣ ኤፍ ኤስ አር ነው የሚሆናችሁ" ብሎ ራስ የሚያዞር ዋጋ ጠራ።

ጋሼን የጠቆመችን የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ናት። ስደውልላቸው ዋጋ አልነገሩኝም። "ዕቃውን ሳላይ ምን ብዬ ልንገርህ?" አሉ። ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጥተው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ውሃ ጠጥተው "በሉ ቤቱን አሳዩኝ" አሉ። ብዙ ዓመት በተሳቢ የጅቡቲን መስመር የሠሩ ሰው ናቸው። ሙቀት ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ሳሎን ገብተው ሶፋው ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ያ ጥቁር ሌዘር ሶፋ የባለቤቴ ኩራት ነው፤ ሁለት ዓመት ዕቁብ ጠጥታ የገዛችው።

"ይሄ ይሄዳል?"

"ይሄዳል እንጂ ጋሼ! ዋናው እሱ አይደል?" አለች።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ሶፋ ግንቦት ላይ ከገላሽ ጋር ይጣበቃል። ስትነሺ ቆዳሽን ይዞ ይቀራል።"

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ጋሼ ግን ቀጠሉ። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ሄዱ። ሁለቱን ወፍራም ኮምፈርቶች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁምሳጥኑን ከጀርባው አንኳኩ። "ችፑድ ነው። አንዴ ተፈትቶ ከተገጠመ አይመለስም። እዚሁ ሽጡት፤ ድሬ ስትደርሱ እንጨት አሠሩ።" ምንጣፉንም ከለከሉ። "ይልቅ ቬንትሌተር ያስፈልጋችኋል። እሱንም ከዚህ አትግዙ፤ እዛ ሞልቷል።"

ሲጨርሱ ከዕቃችን ሲሶው እንዳይጫን ተለይቷል። ያኔ ነው ዋጋ የነገሩን፤ አንድ ትንሹ አይሱዙ ይበቃል አሉ። ሌላው ሰውዬ ከጠራው ግማሽ አይሞላም። ልብ በሉ፦ ዝም ብለው ሁሉንም ቢጭኑልን ትልቅ መኪና አምጥተው የበለጠ ያገኙ ነበር። እኛም በደስታ እንከፍል ነበር፤ ምን እናውቃለን?

ሶፋው በአራት ቀን ተሸጠ። ባለቤቴ የወሰዱት ሰዎች ደረጃውን እስኪወርዱ ድረስ መስኮት ላይ ቆማ አየችው። ያን ቀን ጋሼን አልወደደቻቸውም፤ እውነቱን ልናገር።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው የጫኝና አውራጅን ነገር ያውቃል። መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ ድርድር የለም፤ የተጠራብህን ትከፍላለህ፣ ወይም ከዕቃህ ጋር ደረጃ ላይ ትቀመጣለህ። ጋሼ ሦስት ቀን ቀደም ብለው ደወሉልኝ። "መኪናው ሳይመጣ ልጆቹን አነጋግራቸው። አምጣና ዕቃውን አሳያቸው። ፎቁን፣ የፍሪጁንና የአልጋውን ነገር ለይተህ ተስማማ። በወረቀት ጻፉት።" እንዳሉት አደረግሁ። ልጆቹም በደንብ ተቀበሉኝ። ያስቸግሩኛል ብዬ የፈራኋቸው ወጣቶች በተስማማነው ብር፣ እየቀለዱ፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ጨረሱ። ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት ሲለቅ ግማሽ ቀን ተጨቃጭቋል።

ወረዳ ሄጄ መሸኛ ሳወጣም የዕቃውን ዝርዝር አብሬ እንድይዝ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የቴሌቪዥኑን ደረሰኝ ሳይቀር አስፈለጉኝ። መንገድ ላይ አንድ ቦታ ወረቀት ተጠየቅን፤ አሳየን፣ አለፍን።

ስለ አጫጫናቸው ትንሽ ልበል፤ ለሚጓዝ ሰው ይጠቅማል። ፍሪጁን አጋድሞ መጫን ክልክል ነው። ረዳታቸው ቦታ ለመቆጠብ ሊያስተኛው ሲል የተቆጡትን ቁጣ አልረሳውም። ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይገባል አሉ። ቆሞ ታሰረ። ድሬ ከደረስንም በኋላ እስከ ማታ ሳይሰካ ቆየ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሸክላ አውጥተው በሁለት ፍራሽ መሃል በጎኑ አቆሙት። እኔ ብሆን አስተኝቼ ላዩ ላይ ካርቶን እደረድር ነበር። የአልጋው ብሎን በፌስታል ተቋጥሮ ከአልጋው ራስጌ ጋር በፕላስተር ተጣበቀ። የጋዝ ሲሊንደሩን "ባዶ ካልሆነ አልጭንም" ብለው እምቢ አሉ። ሐምሌ ነውና ሸራው ድርብ ነበር። ከአዲስ አበባ ስንወጣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር፤ አንድ ትራስ እንኳ አልረጠበም።

ቀኑንም የመረጡት እሳቸው ናቸው። ከሐምሌ 19 በፊት እንድረስ አሉ፤ በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን መንገዱ በሰውና በመኪና ይሞላል። ባለቤቴና ልጆቹ ለቡ ካለው ጣቢያ በባቡር ቀደሙን። አያታቸው የባቡር ሰው ስለነበር ልጆቹ በሌላ አንሄድም ብለው ነው። አዲሱ ሐዲድ አባቴ የሠራበት ጠባቡ ሐዲድ እንዳልሆነ፣ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ያለ እንደሆነ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። እኔ ጋቢና ተቀመጥኩ።

ጋሼ በሌሊት አይነዱም። ጨርሶ። ጭሮ፣ እኛ አሰበ ተፈሪ የምንላት፣ ገና ብርሃን ሳለ ቆመን አደርን። "አንድ ሰዓት ብንገፋ ምን አለበት?" ብላቸው "አንተ ለእናትህ ልትደርስላት ነው ወይስ ዜናህ ሊደርሳት?" አሉኝ። ዝም አልኩ። በማግስቱ በሂርና፣ በጨለንቆ አድርገን ቁልቢ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ፍጥነት ቀንሰው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አማተቡ።

ደንገጎ ጫፍ ላይ ወረዱ። ጎማውን አንድ በአንድ በእግራቸው መቱ፣ ገመዱን ሳቡ፣ ሸራውን አዩ። ከዚያ በከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን ጀመርን። ፍሬን አይረግጡም ማለት ይቻላል። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ያስጮሃል፤ ጋሼ አልሰሙም። እስከ ታች አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ሬዲዮኑንም አጠፉት። እኔ ግማሽ ላይ ጃኬቴን አወለቅሁ። ታች ስንደርስ ሹራቤን። በመስኮቱ ያ ደረቅ የድሬ ንፋስ ሲገባ፣ ከፊት ደግሞ ሜዳው ሲዘረጋ፣ ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። ጋሼ አዩኝ መሰለኝ፤ "አቧራ ነው" ብለው መስኮቱን ከፍ አደረጉልኝ።

የድሬ ልጅ አንቱ አያውቅም ይባላል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጋሼን እንዳየቻቸው "ግባ አቦ፣ ምን ፀሐይ ላይ ያቆምሃል? ቡናው ደርሷል!" አለቻቸው። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ከልባቸው ሳቁ፤ "አንተ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ስንት ዓመቴ!" አሉ። ዕቃውን ያወረዱት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ገንዘብ አልተቀበሉም፤ ለስላሳ ጠጥተው ሄዱ።

እንከን የለም አልልም። በመጫኛው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተዋል። ሲነዱ ስልክ ስለማያነሡ ባለቤቴ ድሬ ሆና በጭንቀት ሞታለች፤ እኔም የእጅ ስልኬ ቻርጅ አልቆብኝ ነበር። ሲያወሩ ደግሞ አያቆሙም፤ ከአዋሽ እስከ አሰበ ተፈሪ ስለ ጎማ ሰምቻለሁ። የቴሌቪዥን ማስቀመጫው አንድ እግር ተሰብሮ ደረሰ። ስለ እግሩ ግን እኔ ከማየቴ በፊት ራሳቸው ነገሩኝ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሊመለሱ ሲገባቸው፣ ቀፊራ አካባቢ አናጺ ፈልገው በራሳቸው ገንዘብ አሠርተው አመጡት። ልከፍል ስል "ሂሳባችን አልቋል" አሉ። ከተስማማነው በላይ አንድ ብር አልጠየቁም።

ከሳምንት በኋላ ደወሉ። እንዴት ናችሁ አላሉም። "ፍሪጁ ይሠራል?" ነው ያሉት። ይሠራል። እንጀራውም በዚያው ምጣድ እየተጋገረ ነው።

ባለቤቴ አሁን ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙሉ በር ዘግቶ በሚያሸልብበት ሰዓት፣ ሽርጥ አገልድማ እናቴ ጎን በረንዳው ላይ በሚዶ አልጋ ላይ ትጋደማለች። ትናንት ምን አለችኝ? "ያ ሶፋ ቢኖር የት እናደርገው ነበር?" ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። በጣም ደስ አላቸው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ቤት ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው ካለ፣ በተለይ ለሐረር፣ ለድሬና ለጅግጅጋ፣ ስልካቸውን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። አስቀድማችሁ ቤታችሁን እንዲያዩ ጥሯቸው፤ በስልክ ዋጋ አይናገሩም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ግን አትደውሉ፤ ይተኛሉ።