ሜኑው የሚከፈተው ከመዳፌ ስር ነው

ባለ ስክሪን የስዕል ታብሌት ገዝቼ መሥራት ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የሠርግ ካርድና የሱቅ ማስታወቂያ እሠራለሁ። እስክሪብቶው ጥሩ ነው፣ ቀለሙም አይከፋም። የሚያበግነኝ ሜኑው፣ ማለትም የትእዛዞቹ ዝርዝር ነው።

ስስል ቀኝ እጄ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ሜኑው ደግሞ ወደ ቀኝና ወደ ታች ይዘረጋል። ልክ መዳፌ ያለበት ቦታ! ለማየት እጄን ማንሳት አለብኝ። ባለፈው የአንድ ካርድ ጌጥ ላባዛ ስል "አጥፋ" የሚለው ተነካ። ሁለቱ ትእዛዞች ተጣብቀው ነው የተቀመጡት፣ "አጥፋ"ን መዳፌ ጋርዶታል።

ከሜኑው ውስጥ ሌላ ሜኑ ሲወጣማ አይወራ። የእስክሪብቶውን ጫፍ በቀጭኗ መስመር ላይ ይዤ ወደ ጎን መሄድ አለብኝ። ትንሽ ዝንፍ ካለ ይዘጋል። በግንቦትና ሰኔ ሙቀት እጅ ሲያልብ ይህ ሥራ ያሰለቻል።

የሸጠልኝ ልጅ "ከማውስ ጋር አንድ ነው፣ ትለምደዋለህ" ብሎኝ ነበር። አቦ፣ አንድ አይደለም! ማውስ የያዘ እጅ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ስክሪን አይሸፍንም። እዚህ ግን የሚሠራው እጅ ራሱ የሚታየውን ይጋርዳል። ሜኑ የሚነድፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብ የሚገባው ይህንን ነው። ዊንዶውስ እንኳ በየትኛው እጅ እንደምትጽፍ የምትመርጥበት ሴቲንግ አለው፤ ቀኝ ካልከው ሜኑውን ከእጅህ በስተግራ ያወጣዋል። እኔ የምሠራበት ፕሮግራም ግን ሴቲንጉን ከቁብ አይቆጥረውም።

ክሪታን ስሞክር ነው ልቤ የተመለሰው። ነፃ የስዕል ፕሮግራም ነው። የእስክሪብቶውን ቁልፍ ጫን ሳደርግ ጫፉ ባለበት ክብ ሜኑ ይከፈታል፤ ብራሾቹ ዳር ዳሩን፣ ቀለሙ መሃል። እጄን ብዙ ሳላንቀሳቅስ የምፈልገውን አገኛለሁ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጎርደን ከርተንባክ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በእንዲህ ዓይነት ሜኑ ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993። የእሱን ሜኑ የለመደ ሰው ሜኑው እስኪወጣ እንኳ አይጠብቅም፤ ወደሚፈልገው ትእዛዝ አቅጣጫ ጫር አድርጎ ያልፋል። ታዲያ እስከ ዛሬ ለማውስ የተሠራ ዝርዝር ለምን ይጫንብናል?

ታብሌቱን አልሸጠውም፣ እጄ ወዶታል። ለመግዛት ያሰባችሁ ግን ሱቁ ውስጥ እያላችሁ የምትሠሩበትን ፕሮግራም አስከፍቱ። መዳፋችሁን ስክሪኑ ላይ አሳርፉና ሜኑ ክፈቱ። ሻጩ ቢቸኩልም ይጠብቅ።