ሌቮታይሮክሲን፦ ቀስ ብሎ የሚፈርስ ክኒን

የታይሮይድ ዕጢያቸው በቂ ሆርሞን ለማያመነጭ ሰዎች በቅድሚያ የሚታዘዘው መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ነው። እኔም የምወስደው ይህንኑ ሲሆን፣ ትልቁ ብልጫው ሰውነት ቀስ ብሎ የሚያፈርሰው መሆኑ ነው እላለሁ።

ክኒኑ የያዘው ዕጢው ራሱ ከሚያመነጨው ታይሮክሲን፣ ማለትም ከቲ4፣ የማይለይ ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን በደም ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ ከፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ስለሚዘዋወር መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ 7 ቀን ገደማ ይፈጃል። በቀን አንድ ጊዜ መዋጡ የሚበቃውም ለዚህ ነው። ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን ቲ3 ግን በ1 ቀን ገደማ ስለሚጋመስ፣ እሱን የያዘው ክኒን በደም ውስጥ ከፍ ዝቅ ማለት ያበዛል።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ የማፍረሱ ሂደት ራሱ ነው። ቲ4 አራት የአዮዲን አተሞች አሉት፤ ዲአዮዲኔዝ የተባሉት ሴሌኒየም ያዘል ኢንዛይሞች ከሞለኪውሉ ውጨኛ ቀለበት አንዱን ሲነቅሉ ይበልጥ ኃይለኛ የሆነው ቲ3 ይገኛል፤ ከውስጠኛው ቀለበት ሲነቅሉ ደግሞ ሥራ አልባው ተገላቢጦሽ ቲ3 ይፈጠራል። በረሃብ ወይም በጽኑ ሕመም ጊዜ የቲ3 መጠን ይቀንሳል፣ ተገላቢጦሹ ይጨምራል። ጉበትም ከፊሉን ሆርሞን ከግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ከሰልፌት ጋር አጣምሮ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ያስወግደዋል። የተነቀለው አዮዲን ከፊሉ ወደ ዕጢው ተመልሶ እንደገና ሆርሞን ሲሠራበት፣ ቀሪው በሽንት ይወጣል።

ይኸው ዝግታ ትዕግሥትንም ይጠይቃል። መጠኑ ከተለወጠ በኋላ ደሙ አዲስ ሚዛን እስኪይዝ ሳምንታት ስለሚያስፈልጉ፣ የቲኤስኤች (ዕጢው ሆርሞን እንዲያመነጭ የሚያዘው ሆርሞን) ምርመራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይደረጋል፤ ቀድሞ መመርመር ያሳስታል። በባዶ ሆድ መዋጥና ከካልሲየምና ከብረት ክኒኖች 4 ሰዓት ማራራቅም ግድ ነው።

ቅሬታዬ በማሸጊያው ውስጥ ታጥፎ በሚመጣው መግለጫ ላይ ነው። ባዶ ሆድ የሚለው ጎልቶ ተጽፏል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን እንዲሁም የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሆርሞኑን መፍረስ እንደሚያፋጥኑ ግን በደቃቅ ፊደል በረጅም ዝርዝር መሐል ተቀብሯል። እነዚህን የጀመረ ሰው የቀድሞው መጠን ላይበቃው ስለሚችል፣ ለሐኪሙ ነግሮ እንደገና መመርመር እንዳለበት መግለጫው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊያስጠነቅቀው ይገባ ነበር።