ኦላንድና ኤርትራ፦ የሁለት ባንዲራዎች ነገር

የባልቲክ ደሴቶቹ ኦላንዶች ስዊድንኛ ተናጋሪ ናቸው፤ ልባቸውም ወደ ስዊድን ነበር። የመንግሥታት ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ1921 ራስ ገዝ አድርጎ ለፊንላንድ ሰጣቸው።

ኤርትራን ደግሞ ተመድ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን አገናኛት። በወረቀት ላይ ምን ጎደላት? የራሷ ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤት፣ ትግርኛና ዓረብኛ፣ የወይራ ቅርንጫፍ ያለበት ሰማያዊ ባንዲራ፤ ሁሉም ነበራት።

ለእኔ ልዩነቱ ቁልፉ ማን እጅ ነው የሚለው ላይ ነው። ሄልሲንኪ የኦላንድ ምክር ቤት እሺ ካላለ የራስ ገዝ ሕጉን መንካት አትችልም። አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን «ቆይ» የሚል አልነበረም።

ኦላንድ በ1954 የራሷን ባንዲራ ሰቀለች። የኤርትራው በ1958 ወረደ። በ1962 ፌዴሬሽኑም ፈረሰ፤ ተመድ ጭጭ!