የላፕቶፕ ሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ፦ በፒሲአይ ኤክስፕረስ የተያያዘው ወይስ በዩኤስቢ?

ሐዋሳ ውስጥ ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባሉ ሱቆች ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለ ራም፣ ስለ ዲስክና ስለ ባትሪ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ በጎኑ ስላለችው የካርድ ማስገቢያ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰርግ ለሚቀርጽና በሐይቁ ዳር ፎቶ ለሚያነሣ ባለሙያ ይህች ማስገቢያ የዕለት መሣሪያ ናት፤ መብራት ጠፍቶ ሥራው በባትሪ ሲቀጥል ደግሞ አሠራሯ የሚያመጣው ልዩነት ጎልቶ ይታያል።

ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀዳዳዎች ናቸው። ከውስጥ ግን እንደ ሪልቴክ አርቲኤስ 5229 እና 525ኤ ያሉት መቆጣጠሪያ ቺፖች በፒሲአይ ኤክስፕረስ (በላፕቶፑ ውስጥ ባለው ፈጣን መስመር)፣ እንደ 5129 እና 5139 ያሉት ደግሞ በውስጥ ዩኤስቢ መስመር ተያይዘዋል።

ዋናው ልዩነት ካርድ መግባቱ በሚታወቅበት መንገድ ላይ ነው። የፒሲአይ ኤክስፕረሱ መቆጣጠሪያ ካርድ ሲገባ ራሱ ለፕሮሰሰሩ ኢንተራፕት (የመቀስቀሻ ምልክት) ይልካል፤ ስለዚህ ድራይቨሩ (ዕቃውን የሚያዝዘው ሶፍትዌር) እስከዚያ ድረስ ደጅ ሲመታ ብቻ እንደሚነሣ ዘበኛ ማረፍ ይችላል። የዩኤስቢ ዕቃ ግን በሥራ ላይ ሳለ ኮምፒውተሩ ካልጠየቀው በራሱ አይናገርም፤ ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ ያለው የእነዚህ የሪልቴክ ዕቃዎች ድራይቨርም እንግዳ መጣ እንዴ እያለ በየሰከንዱ ገደማ በሩን ከፍቶ ያያል። ከዚህም በላይ ይኸው ድራይቨር ካርድ ውስጡ እስካለ ድረስ መቆጣጠሪያው በራሱ ጊዜ እንዲተኛ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ፎቶውን ገልብጦ ካርዱን እዚያው የሚረሳ ሰው ሳያውቀው ባትሪውን ያስበላል።

ይህን ያነበበ ሁሉ ወደ ፒሲአይ ኤክስፕረሱ እንዳይሮጥ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ዓይነቱ የሚቆጥበው ባዮሱ (ላፕቶፑን የሚያስነሣው ውስጣዊ ፕሮግራም) እና ድራይቨሩ ተስማምተው ማገናኛውን ኤል1 ወደሚባለው የዕረፍት ደረጃ ሲያወርዱት ብቻ ነው፤ ካልተስማሙ ማገናኛው ነቅቶ ይቆያል፣ ፕሮሰሰሩም ወደ ጥልቁ እንቅልፍ እንዳይገባ ያግደዋል፤ ይህም ከራሱ ከካርድ ማስገቢያው ፍጆታ የበለጠ ኪሳራ ነው። በእኔ ግምት ክፉኛ የተዋቀረ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በአግባቡ ከሚተኛ ዩኤስቢ የባሰ ነው።

በፍጥነት በኩል ፒሲአይ ኤክስፕረሱ እንደሚበልጥ ክርክር የለም። እነ 5129 የሚሠሩበት የዩኤስቢ 2.0 ጣሪያ በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ ማለትም 60 ሜጋባይት ሲሆን በተግባር ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ ዩኤችኤስ-1 የተባለው ፈጣን የሜሞሪ ካርድ ዓይነት ግን በሰከንድ እስከ 104 ሜጋባይት ይደርሳል። ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ በሰከንድ 35 ሜጋባይት ሲነበብ 30 ደቂቃ ያህል፣ በ90 ሲነበብ 12 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ቶሎ የጨረሰ ላፕቶፕም ቶሎ ያርፋል።

ዓይነቱን ለመለየት ሱቁ ውስጥ እንዳሉ በዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ገብቶ የካርድ ሪደሩን ሃርድዌር አይዲ ማየት ይበቃል፤ መነሻው ፒሲአይ ወይም ዩኤስቢ ይላል። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ላፕቶፑን አስተኝቶና ቀስቅሶ ካርድ ማስገባት ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሳልሞክር የገዛሁት ላፕቶፕ ከእንቅልፍ ከነቃ በኋላ ካርድ የሚያየው ጠፍቶ ሲነሣ ብቻ ነበር፤ ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ከዲቫይስ ማናጀር ሳጠፋ ተስተካከለ፣ ቁጠባው ግን ቀረ።

በየሳምንቱ ብዙ ካርድ የሚገለብጥ ባለሙያ በዚህ ሙከራ ያለፈውን ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይምረጥ። በወር አንዴ የስልክ ሜሞሪ ለሚከፍት ተማሪ በውስጥ ዩኤስቢ የተያያዘው ይበቃዋል፣ ካርዱን ማውጣት ካልረሳ። ላፕቶፑ በሌላው ሁሉ ጥሩ ሆኖ ማስገቢያው ብቻ ደካማ ከሆነ ደግሞ የውጭ የዩኤስቢ 3.0 ካርድ ሪደር መግዛት ይሻላል፤ ሲነቀል ምንም ኃይል አይወስድም፣ በቦርሳ ውስጥ ተሰክቶ ከተተወ ግን መሰኪያው ሊሰበር ይችላል።