ዋች ዲዩቲ፦ ትዕዛዝ እስኪመጣ ለማይጠብቁ ሰዎች

በ2017 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ ማለትም ጃንዋሪ 7 ቀን 2025፣ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የተነሡት የፓሊሴድስና የኢተን ሰደድ እሳቶች ከ16 ሺህ በላይ ሕንፃዎችን አውድመዋል። በዚያው ሳምንት የሰደድ እሳት መረጃ የሚያደርሰው ዋች ዲዩቲ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ከአፕል ነጻ መተግበሪያዎች አንደኛ እስከመሆን ደረሰ።

መተግበሪያውን የሚያስተዳድረው በ2021 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሊፎርኒያ ሥራ የጀመረ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭምር ያሉባቸው ዘጋቢዎቹ የእሳት አደጋ ሬዲዮን እያዳመጡ የሰሙትን አጣርተው ይጽፋሉ። ካርታው ሲከፈት የመልቀቂያ ትዕዛዝ የተሰጠበት ሰፈር በቀይ፣ ነዋሪው ለመውጣት እንዲዘጋጅ የተነገረበት ደግሞ በቢጫ ይታያል፤ የእሳቱ ምልክት ሲነካ ዘገባዎቹ ከነሰዓታቸው ይዘረዘራሉ። አጻጻፋቸው አጭርና ከግነት የጸዳ መሆኑን ወድጄዋለሁ።

ሆኖም ቀለሙን ብቻ የሚያይ ሰው ሊዘናጋ ይችላል። የኢተን እሳት ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፎ ሲነሣ፣ እሳቱ በደረሰበት በአልታዲና ከሌክ ጎዳና በስተምዕራብ ለሚኖሩት የመልቀቂያ ትዕዛዙ የደረሳቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ነበር፤ በዚያ እሳት ከሞቱትም አብዛኞቹ የዚሁ ሰፈር ነዋሪዎች ናቸው። ባለሥልጣናት ያላወጡትን ትዕዛዝ ማንም መተግበሪያ በካርታ ላይ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ዋናው ጥቅሙ ከቀለሙ ይልቅ በዘገባዎቹና በነፋሱ መረጃ ላይ ነው፤ እሳቱ ወደ ሰፈሩ እየገሰገሰ መሆኑን ካነበበ ትዕዛዝ ሳይጠብቅ ሊወጣ ይችላል።

የካውንቲው የራሱ ማስጠንቀቂያ በተቃራኒው አቅጣጫም ተሳስቷል፤ ጃንዋሪ 9 ቀን ለጥቂት ሰፈሮች የታሰበው መልእክት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጋው የካውንቲው ሕዝብ በሙሉ ተላልፏል። ከዚህ በኋላ የስልክ ጩኸት ሲሰማ የሚጠራጠር ቢኖር አይፈረድበትም። በዚያው ወር የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን የአደጋ መልእክት ናሙናዎች እንዲዘጋጁባቸው ከመረጣቸው ቋንቋዎች መካከልም አማርኛ የለም፤ እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆች ያሉት ቤተሰብ ማን ደውሎ እንደሚነግራቸው አስቀድሞ ቢነጋገር ይበጀዋል።

ለአባላት ብቻ የሚከፈተው የእሳት ማጥፊያ አውሮፕላኖች መከታተያ ለማወቅ የሚጓጓን ያረካ ይሆናል እንጂ ከቤት ለመውጣት አያስፈልግም። ነጻው ክፍል በቂ ስለሆነ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ኮከብ ያስቀረሁት ኢንተርኔት ሲቋረጥ አዲስ ዘገባ ስለማይደርስ ነው፤ ብርቱ ነፋስ ባለበት ሌሊት ደግሞ መብራትም ኔትወርክም ሊጠፋ ስለሚችል በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ከአጠገቡ ሊኖር ይገባል።