የድንች አጠውልግን በማሳ ላይ ለመለየት፦ ስትሪፕ ወይስ ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር?

ሐዋሳ ዙሪያና በሲዳማ ደጋ ወረዳዎች የዘር ድንች የሚያመርቱ ማኅበራት፣ እንዲሁም ለእነሱ ግዢ የሚያማክሩ የሙያ ጓደኞቼ፣ በየመኸሩ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። የባክቴሪያ አጠውልግን እዚያው ማሳ ላይ ለመለየት ከስልክ ጋር እየተገናኘ የሚሠራውን ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር እንግዛ ወይስ በስትሪፕ፣ ማለትም የተክል ጭማቂ ሲነካው መልሱን በመስመር በሚያሳየው የመመርመሪያ ወረቀት፣ እንቀጥል ይሉኛል። መልሴ ስትሪፕ ነው፤ በጀቱ ቢበዛም መልሴ አይለወጥም።

በሽታውን የሚያመጣው ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የተባለው ባክቴሪያ በቀዝቃዛው ደጋ ምልክት ሳያሳይ በድንቹ ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ያው ዘር ወደ ሞቃቱ ቆላማ ማሳ ሲወርድ ግን ተክሉ ይጠወልጋል፣ አፈሩም ይበከላል። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ለዛሬው ምርመራ ብቻ ሳይሆን፣ ሁላን ከመሰሉ ደጋ ወረዳዎች ዘር ለሚወስድ ገበሬ ለሚሰጠው ቃል ጭምር ነው።

ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር በመርህ ደረጃ ጠንካራ ቴክኖሎጂ ነው። በካርቦን ወይም በወርቅ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ትንሽ ቁራጭ) ላይ ባክቴሪያውን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ የተባለ ፕሮቲን ወይም የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ይለጠፋል፤ ባክቴሪያው ሲያዝ በኤሌክትሮዱ ላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለወጣል፤ ፖቴንሺዮስታት የሚባለው መለኪያም ለውጡን በማይክሮ አምፔር ይለካል። ችግሩ ያለው ገበያው ላይ ነው። ለእጽዋት በሽታ የተሠሩት አብዛኞቹ ሴንሰሮች ገና በምርምር ጽሑፍና በቤተ ሙከራ ያሉ ናቸው። አስመጪዎች የሚያቀርቡት ብዙውን ጊዜ መለኪያውንና ምንም ያልተለጠፈበትን ባዶ ኤሌክትሮድ ነው፤ ይህን መግዛት የስኳር መለኪያን ያለ መመርመሪያ ወረቀቱ እንደ መግዛት ይቆጠራል። አንቲቦዲውን የሚለጥፈው፣ የሚያደርቀውና በማቀዝቀዣ የሚያቆየው ገዢው ራሱ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ አንድ የገበሬዎች ማኅበር በቢሮው ሊሠራው አይችልም።

ዋጋውን በዝርዝር እንየው። ለማስላት እንዲቀለን ዶላሩን 150 ብር፣ አንድ ስትሪፕ 8 ዶላር፣ አንድ ባዶ ኤሌክትሮድ 4 ዶላር፣ መለኪያውን 1,500 ዶላር እናድርገው። መለኪያው ብቻ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር 225,000 ብር ይሆናል፤ በዚያ ገንዘብ 187 ስትሪፕ ይገዛል። «መሣሪያው አንዴ ነው የሚገዛው፣ ከዚያ በኋላ ርካሽ ነው» የሚለው የሻጮች ክርክር ደግሞ ሒሳቡን አይቋቋምም። በአንድ ቀን አምስት ናሙና ለመመርመር እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ መለካት ስለሚያስፈልግ አሥር ኤሌክትሮድ፣ ጤነኛና የታመመ መሆኑ ለሚታወቅ ማነጻጸሪያ ደግሞ አራት ኤሌክትሮድ ይፈጃል። ይህ 56 ዶላር ወይም 8,400 ብር ነው፤ አንቲቦዲውና ኬሚካሉም አልተቆጠሩም። አምስት ስትሪፕ ግን 6,000 ብር ነው፤ እያንዳንዱም በትክክል መሥራቱን የሚያሳይ መስመር በራሱ ላይ አለው። ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለሆነም ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና በጽሑፍ ካልሰፈረ ዋጋው እንደ ዋጋ አይቆጠርም።

አንድ የማውቀው ማኅበር በአስመጪ በኩል ያስገባው መለኪያ ሲታይ የታወቀ ምርት ይመስል ነበር። ነገር ግን በንጹሕ ማሟሚያ ፈሳሽ እንኳ አንዱ ንባብ ከሌላው አይገጥምም ነበር፤ የኤሌክትሮዱ የብር ቀለምም ፈሳሽ ሲነካው ይላጣል። ማኅበሩ መሣሪያውን ሐዋሳ ወደሚገኝ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ወሰደው፤ ጠጋኙም የባትሪውንና የቻርጀር መሰኪያውን ችግር አስተካከለ። ልኬቱን ግን ማንም ሊያስተካክለው አልቻለም፤ የስልኩ መተግበሪያ የአምራቹን ፈቃድ ይጠይቃል፣ አስመጪውም ዋስትናው የሚሸፍነው የተሰበረ ዕቃን ብቻ ነው አለ። ከዚህ ዓይነቱ ኪሳራ የሚያድን ቀላል ፈተና አለ፤ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በሻጩ ፊት መደረግ አለበት። ኤሌክትሮዱ በሚሰካበት ቦታ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ይገናኝና 0.1 ቮልት ይሰጠው። ንባቡ 10 ማይክሮ አምፔር አካባቢ ካልሆነ፣ ወይም በተደጋገመ ቁጥር ከተለዋወጠ፣ መሣሪያው አይገዛም። ሬዚስተሩ ከማንኛውም የሬዲዮ ጠጋኝ ቤት በጥቂት ብር ይገኛል።

ልኬቱ ትክክል ቢሆንም የድንች ጭማቂ ራሱ ሌላ ፈተና ይዞ ይመጣል። የተቆረጠ ድንች የሚጠቁርበት ምክንያት በውስጡ ያሉት ፌኖሎች አየር አግኝተው ስለሚለወጡ ነው። እነዚሁ ፌኖሎች በኤሌክትሮዱ ላይም ፍሰት ይፈጥራሉ፣ ገጹንም ይሸፍኑታል። ስለዚህ በንጹሕ ፈሳሽ ጥሩ ውጤት ያሳየ ሴንሰር በማሳ ጭማቂ ላይ ጤነኛውን ታማሚ ሊል ይችላል። ሻጭ ሲያሳይ ከጠርሙስ በወጣ ፈሳሽ ሳይሆን እዚያው በተጨመቀ ግንድ እንዲያሳይ መጠየቅ የገዢ መብት ነው።

ስትሪፕም ጉድለት አለው፤ ልደብቀው አልፈልግም። በግልጽ የጠወለገ ተክል ላይ በደቂቃዎች ውስጥ አስተማማኝ መልስ ይሰጣል፤ ነገር ግን መስመር የሚያወጣው በአንድ ሚሊ ሊትር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ባክቴሪያ ሲኖር ነው። የአውሮፓ ኅብረት አሠራር ለአንድ የዘር ናሙና 200 ድንች ወስዶ፣ እያንዳንዱን ከእናት ተክሉ ጋር በተያያዘበት ጫፍ ቆርጦ በቤተ ሙከራ ይመረምራል። በእንዲህ ዓይነቱ ቅይጥ ውስጥ አንድ የታመመ ድንች ብቻ ካለ ስትሪፑ ላያየው ይችላል። ምልክት የሌለውን ዘር በስትሪፕ ብቻ «ነጻ ነው» ብሎ መሸጥ ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ ያ ናሙና ባክቴሪያውን በሚመግብ ፈሳሽ አቆይቶ ቁጥሩን አብዝቶ ወደሚመረምር ቤተ ሙከራ መሄድ አለበት። ሴንሰር ይህን ክፍተት ይሞላል የሚለው ተስፋ እውነት ሊሆን የሚችለው የተለጠፈ፣ የታሸገና በድንች ጭማቂ የተፈተነ ኤሌክትሮድ ለሽያጭ ሲቀርብ ነው።

ከስትሪፕም በፊት አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ አለ። የጠወለገውን ግንድ ከሥሩ ከፍ ብሎ ቆርጦ ጫፉን ውኃው ውስጥ ማንጠልጠል ነው፤ የባክቴሪያ አጠውልግ ከሆነ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ከቁራጩ ይወርዳል። በፈንገስ የመጣ መጠውለግ ይህን አያሳይም። እኔ ስትሪፕ የማወጣው ክሩ አጠራጣሪ ሲሆን ወይም ለጽሑፍ ማስረጃ ሲያስፈልግ ነው። ሌት ብላይት የሚባለው የድንች ምች በዓይን ስለሚለይ ምንም መግዛት አያስፈልገውም። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሀገራችን የሚታወቀውን የእንሰት አጠውልግ ደግሞ የራልስቶኒያ ስትሪፕ አይለየውም፤ ባክቴሪያው ሌላ ነው።

ሴንሰር መግዛት ያለበት ኬሚስት፣ ማቀዝቀዣና የምርምር ጊዜ ያለው ተቋም ነው። እንዲህ ያለ ተቋም እንኳ በውድ ዋጋ መጀመር አይገባውም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ቺፕስታት የተባለው፣ ንድፉ ለማንም ክፍት የሆነ መለኪያ በወቅቱ ከ80 ዶላር ባነሰ ዕቃ ሊገጣጠም ይችል ነበር፤ ንድፉ በእጅ ስላለም ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል።

ስትሪፕ የሚገዛ ማኅበር ኮፒ እንዳይገጥመው እያንዳንዱ ከረጢት በደንብ የታሸገ፣ እርጥበት መምጠጫ ያለበት፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ከካርቶኑ ጋር የሚገጥም መሆኑን ይመልከት። ከዚያም ከካርቶኑ ሁለት ስትሪፕ አውጥቶ፣ በብርጭቆ ውኃ ክር ባወጣ ግንድና በጤነኛ ግንድ ላይ ይሞክር። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀመጥ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት አይስ ቦክስ ያስፈልጋል፤ ከማቀዝቀዣ እንደወጣም ወዲያው ከተከፈተ ጠል ስለሚይዝ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቅ። የአገልግሎት ጊዜው አጭር በመሆኑ ትልቅ ካርቶን በርካሽ ገዝቶ ግማሹን ከመጣል፣ ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤት ማኅበራት አንድ ካርቶን ተካፍለው ዘሩ ከመነቀሉ በፊት ባለው ወር ቢያስመጡት ለእያንዳንዱ ምርመራ የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል።